ከነጩ ሰማይ ወደ ጥቁሩ ሰማይ

በ1861 ካርልተን ዋትኪንስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ አንሺ ደርዘን ያህል በቅሎ አስጭኖ የካሊፎርኒያን ተራሮች ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ ዮሰሚቲ ከሚባለው ሸለቆ ገባ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅሎዎቹ ከስንቅ ሌላ ድንኳን፣ የኬሚካል ጠርሙስ፣ ማጠቢያ ሳህንና በጥንቃቄ የታሸገ መስታወት ተሸክመዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ጭነት ዋትኪንስ ለአናጢ ነግሮ ያሠራው ካሜራ ነበር። የሚጎርሰው አንዱ መስታወት ብቻ 46 በ56 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ዘመን ትልቅ ፎቶ የፈለገ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ገጽ ለገጽ ተጣብቆ ልክ በልኩ ስለሚታተም ፎቶው ከመስታወቱ ሊበልጥ አይችልም።

አሠራሩ ፋታ አይሰጥም። ዋትኪንስ ከድንኳኑ ጨለማ ገብቶ ኮሎዲዮን የተባለውን ዝልግልግ ፈሳሽ መስታወቱ ላይ ያፈስና እያዘነበለ ዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል። ቀጥሎ የብር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል፤ እርጥቡን ካሜራው ውስጥ ከትቶ ያነሣል፤ ከዚያ እየተጣደፈ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ያጥበዋል። መስታወቱ ከደረቀ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። በዚህ ጥድፊያ መሐል 30 ያህል ግዙፍ መስታወቶች ይዞ ወጣ። ፎቶዎቹ በ1862 ኒው ዮርክ ለእይታ ቀረቡ፤ ምዕራቡን አይቶ የማያውቀው የምሥራቁ ሰው አፉን ከፍቶ አያቸው። በሰኔ 1864፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ዮሰሚቲ ለሕዝብ መዝናኛ ተጠብቆ እንዲኖር የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ።

እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም ሲታዩ የድንጋዩ ስንጥቅ፣ የጥዱ ቅጠል፣ ውሃው ላይ ያረፈው የተራራ ጥላ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰማዩ ግን የለም። ከተራራው ጫፍ በላይ ባዶ ወረቀት ነው ያለው።

ጥፋቱ የዋትኪንስ አልነበረም። የዘመኑ መስታወት የሚያየው ሰማያዊ ብርሃንን ብቻ ነበር፤ ለአረንጓዴው ዳተኛ፣ ለቀዩ ጭራሽ ዕውር። ስለዚህ ጥዱና ድንጋዩ በቂ ብርሃን እስኪያገኙ ድረስ ሰማዩ በብርሃን ተጥለቅልቆ ያልቃል። መስታወቱ ላይ በሚቀረው የተገለበጠ ምስል (ኔጋቲቭ) ድፍን ጥቁር ይሆንና ወረቀቱ ላይ ሲገለበጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ መላ ዘይዶ ነበር፤ ባሕሩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ደመናውን ከሌላ ኔጋቲቭ እያመጣ አንድ ወረቀት ላይ ያጋባቸው ነበር። ብዙዎች ግን ከነጩ ሰማይ ጋር ተላምደው ኖሩ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ንጋት ላይ ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠች። ተከትሎ የተነሣው እሳት ከተማይቱን ለቀናት ሲበላት የዋትኪንስን ስቱዲዮ ከነኔጋቲቮቹ አመድ አደረገው። በዚያን ጊዜ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል፤ ሰዎች ደግፈውት ፍርስራሹ መሐል ሲሄድ የተነሣ ፎቶ አለ። ከዚያ ወዲህ አልሆነለትም፤ ከአራት ዓመት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ።

በዚያው ማለዳ በከተማይቱ ዳርቻ፣ ባሕሩን ከሚያይ ቤት አትክልት ውስጥ፣ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ይጫወት ነበር። ከዋናው መንቀጥቀጥ ቀጥሎ የመጣው ንዝረት አንሥቶ ከአጥሩ ግንብ ጋር አላተመውና አፍንጫው ተሰበረ። አፍንጫው ሳይቃና ቀረ። ልጁ አንሰል አዳምስ ይባላል።

አዳምስ ከትምህርት ቤት ጋር ያልተስማማ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነበር። አባቱ ቻርልስ አዳምስ የኋላ ኋላ ከክፍል አስወጥተው ቤት ውስጥ እንዲማር አደረጉ። በ12 ዓመቱ ፒያኖ ላይ ራሱን ማስተማር ጀመረና ልቡን ሁሉ ጣለበት፤ ሙያዬ ይሄ ነው አለ። በሰኔ 1916 ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ዮሰሚቲ ሲሄድ ወላጆቹ ኮዳክ ብራውኒ የተባለች የሳጥን ካሜራ ሰጡት። ልጁ ሸለቆው ውስጥ ካሜራዋን ይዞ በሚሯሯጥበት በዚያው ወር ዋትኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ አዳምስ እስከ ዕለተ ሞቱ በየዓመቱ ወደ ዮሰሚቲ ተመላልሷል። ከተማ ሲመለስ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የሰው ፊልም እያጠበ የጨለማ ክፍልን ሥራ ተማረ። ክረምቱን ፒያኖ፣ በጋውን ተራራ፤ ኑሮው ለዓመታት እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሚያዝያ 10 ቀን 1927 ሃፍ ዶም ወደሚባለው ግዙፍ የጥቁር ድንጋይ ተራራ ትከሻ በበረዶ ላይ መውጣት ጀመረ። ይህ ተራራ ከሸለቆው ወለል 1,400 ሜትር ያህል ይነሣል፤ አንድ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አብረውት ኋላ ሚስቱ የሆነችው ቨርጂኒያ ቤስትና ሌሎች ጓደኞቹ አሉ። ጀርባው ላይ ካሜራ፣ ማቆሚያ፣ ሌንስና 12 መስታወቶች አዝሏል። በየመንገዱ ሲያነሣ፣ ሲያበላሽ፣ ደግሞ ሲያነሣ ዋናው ቦታ ሲደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ድንጋዩ ገና ጥላ ውስጥ ስለነበር ፀሐይ እስክትዞርለት ጠበቀ። ብርሃኑ ገጹን መዳሰስ ሲጀምር እንደ ልማዱ ሌንሱ ፊት ብጫ ማጣሪያ አድርጎ አነሣ። የመስታወቱን መያዣ ሲዘጋ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ምን እንደሚመስል በዓይነ ኅሊናው አየው፤ ድንጋዩ ደህና ነው፣ ሰማዩ ግን ገረጣ ያለ ግራጫ። ቆሞ ሲያየው የተሰማው ግርማ እዚያ ውስጥ አልነበረም። የቀረው መስታወት አንድ ነው። ብጫውን አውልቆ ድፍን ቀይ ማጣሪያ አደረገ። ቀይ መስታወት ሰማያዊውን ብርሃን አላሳልፍ ስለሚል ሰማዩ ይጠቁራል፤ የዋትኪንስ መስታወት ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፣ አዳምስ የያዘው ግን ሁሉንም ቀለም የሚያይ አዲስ ዓይነት ነው። ቀዩ ብዙ ብርሃን ስለሚበላ ሌንሱን አምስት ሰከንድ ከፍቶ ቆየ።

ማታ ሲያጥበው ያሰበው ሰማይ ወጣ፤ ከበረዶው ነጭነት በላይ ከሰል የመሰለ ጥቁር ሰማይ። በዓይኑ ያየው ጥርት ያለ የቀን ሰማይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ድንጋዩ በሰው ላይ የሚጥለውን ፍርሃት የያዘ ነው። አዳምስ በኋላ ዘመኑ ፎቶውን ከማንሣቱ በፊት ተጠናቆ ማየትን ያወቀው በዚያ ቀን እንደሆነ ደጋግሞ ተርኳል።

ፒያኖውን ወዲያው አልተወም። በ1930 ኒው ሜክሲኮ ታኦስ ውስጥ ፎቶ አንሺውን ፖል ስትራንድን አገኘ። ስትራንድ የታጠበ ፎቶ በእጁ ስላልነበረ ኔጋቲቮቹን ነጭ ወረቀት ላይ እያደረገ በመስኮት ብርሃን አሳየው። አዳምስ እነዚያን የተገለበጡ ምስሎች ባየ ጊዜ ምርጫው ለየለት፤ ፎቶ አንሺ ሊሆን ቆረጠ።

ያኔ በጥበብ ስም የሚነሡ ፎቶዎች ብዙዎቹ ብዥ ያሉ፣ ሥዕል ለመምሰል የሚጣጣሩ ነበሩ። በኅዳር 1932 አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንገም፣ ዊላርድ ቫን ዳይክና ሌሎች ጓደኞቻቸው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ደ ያንግ ሙዚየም ትርኢት ከፈቱ። ለቡድናቸው ያወጡት ስም ኤፍ 64 ነው። ይህ በትልልቅ ካሜራዎች ላይ ያለ እጅግ ጠባብ የሌንስ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብብ እግር ሥር ካለው ጠጠር እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። ስሙ ራሱ የአቋም መግለጫ ነበር። ቡድኑ ግን ብዙ ሳይቆይ ተበተነ።

በ1937 የአዳምስ የዮሰሚቲ ጨለማ ክፍል በእሳት ተያያዘና ብዙ ኔጋቲቭ ወደመ። የሃፍ ዶሙ መስታወት ከተረፉት አንዱ ነው። የዋትኪንስ ዕጣ ለጥቂት ሳተው። በ1940 ደግሞ ሌላው የዋትኪንስ ታሪክ ተደገመ፤ አዳምስ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ የተሟገተለት፣ ፎቶዎቹንም ያሳየለት ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ገደማ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲያስተምር ከባልደረባው ፍሬድ አርቸር ጋር አንድ ዘዴ ቀመረ። ተማሪዎቹ ብርሃንን በግምት እየለኩ ፊልም ሲያበላሹ ያያል፤ እሱም ፒያኖ የተማረ ሰው ነውና ብርሃንን እንደ ድምፅ በደረጃ ደረጃ ከፈለው። ከ0 እስከ 10፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 5 መካከለኛ ግራጫ፣ 10 የወረቀቱ ንጹሕ ነጭ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ፎቶ አንሺው የድንጋዩን ጥላ 3 ላይ፣ በረዶውን 8 ላይ ላድርገው ብሎ አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያ የሚያነሣበትን ሰከንድና የሚያጥብበትን ደቂቃ በዚያ ልክ ያበጃል። ዘዴው እስከ ዛሬ በፊልም የሚሠሩ ብዙዎች ፊደል የሚቆጥሩበት ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ፈተና ሳይታሰብ መጣ። በ1941 የአገር ውስጥ ሚኒስቴር የብሔራዊ ፓርኮችን ፎቶ ለሕንፃው ግድግዳ እንዲያነሣለት በቀን 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም አዳምስን ቀጠረው። በዚያ መኸር የስምንት ዓመት ልጁን ማይክልንና ጓደኛውን ሴድሪክ ራይትን ይዞ በኒው ሜክሲኮ እየዞረ ነበር። አንድ ቀን በቻማ ወንዝ ሸለቆ ሲለፋ ውሎ የረባ ነገር ሳያገኝ ወደ ሳንታ ፌ መመለስ ጀመረ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሄርናንዴዝ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ሲያልፍ ወደ ግራ ዞር አለ። በስተምሥራቅ በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ ጨረቃ ወጥታለች። ከሥር የጭቃ ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር አሉ፤ የመቃብሩ ነጫጭ መስቀሎች በመጨረሻዋ የፀሐይ ጮራ ያበራሉ።

መኪናውን መንገድ ዳር ገትሮ ወረደ። ይህን አምጡ፣ ያን አቀብሉ እያለ ልጁና ጓደኛው ላይ ጮኸ። 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ፊልም የሚወስደው ካሜራ መኪናው ጣሪያ ላይ ባለው መቆሚያ ተተከለ። ሁሉም ነገር ሲሰናዳ የብርሃን መለኪያው ጠፋ። ፀሐይ ከደመናው ጫፍ ልትገባ ነው፤ መስቀሎቹ በሰከንድ ውስጥ ሊጠፉ ነው።

አዳምስ አንድ ቁጥር ትዝ አለው፤ የጨረቃ ብርሃን በስኩዌር ጫማ 250 ሻማ ነው። ጨረቃዋን ደረጃ 7 ላይ ላስቀምጣት አለ። በዚያ ስሌት ደረጃ 5 ላይ የሚወድቀው 60 ሻማ ገደማ ነው፤ ፊልሙ 64 ፍጥነት ያለው ነውና በኤፍ 8 አንድ ስድሳኛ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሌንሱ ላይ ያለው ማጣሪያ ብርሃኑን ወደ ሲሶ ስለሚያወርደው አንድ ሃያኛ ይሆናል፤ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 32 ሲጠብብ ደግሞ አንድ ሰከንድ ያህል። ይህን ሁሉ ያሰላው ቆሞ በጭንቅላቱ ነው። አንድ ሰከንድ ከፍቶ ዘጋ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ሊያነሣ የፊልሙን መያዣ ሲገለብጥ ጮራዋ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሣች። ሁለተኛ ፎቶ የለም።

ዳግም የማይገኝ ፊልም ሲታጠብ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጨረቃዋ ከመጠን በላይ እንዳትነጣ፣ መንደሩ ደግሞ በጨለማ ተውጦ እንዳይቀር አዳምስ ፊልሙን ጥቂት ጊዜ አጣቢው ኬሚካል ውስጥ፣ ጥቂት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እያፈራረቀ አጠበው። ውሃው ውስጥ ሲቀመጥ በጨረቃዋ በኩል ያለው ኬሚካል ቶሎ ሥራውን ይጨርሳል፤ በጥላው በኩል ያለው ቀስ እያለ ይቀጥላል። ፎቶው በ«ዩ.ኤስ. ካሜራ» የ1943 ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ ታየ፤ የመረጠው ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ስታይክን ነው።

ይሁንና ኔጋቲቩ ደረቅ ጠባይ ነበረው። የታችኛው ክፍል ሳስቷል፤ ቁጥቋጦውና መሬቱ አልለይ ይላል። በ1948 አዳምስ ከባድ ውሳኔ ወሰነ። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነውን ፊልም መልሶ አጠበውና ከአድማሱ በታች ያለውን ክፍል ብቻ የምስሉን ብር የሚያወፍር ኬሚካል ውስጥ ነክሮ ያወጣው፣ ነክሮ ያወጣው ጀመር። እጁ አንድ ጊዜ ቢስት ተራሮቹ መሐል የማይለቅ መስመር በቀረ ነበር። አልሳተም፤ መሬቱ ነፍስ ዘራ።

ቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት የጨለማ ክፍሉ ናቸው። አዳምስ ኔጋቲቭን የዜማ ድርሰት፣ ታጥቦ የሚወጣውን ፎቶ ደግሞ ጨዋታው ይለው ነበር፤ አንድን ድርሰት ሙዚቀኛ በየምሽቱ ሌላ አድርጎ እንደሚጫወተው ሁሉ። በ1962 ባሕር ዳር ወደምትገኘው ካርመል ሃይላንድስ ሲዛወር ቤቱ ውስጥ ያሠራው ጨለማ ክፍል ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነበር። ማጉያው በግድግዳው ትይዩ አግድም የቆመ ሲሆን ከኋላው 36 አምፖሎች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ጊዜ የሚቆጥረው በሰዓት አልነበረም። እንደ ፒያኖ ልምምዱ ዘመን ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ከፍቶ ቋ፣ ቋ ሲል በጆሮው ይከተላል፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው።

ጨረቃዋን ሲያጥብ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ብርሃን ይወርድበታል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጨለማ የሚበዛበትን ቦታ በካርቶን ይከልላል፤ ካርቶኑ አፍታ እንኳ አይቆምም፣ ከቆመ ጠርዙ ይታያል። ከዚያ መሬቱን ሸፍኖ ሰማዩን ለብቻው ብርሃን ያጠጣዋል፤ ከተራሮቹ አናት ጀምሮ ካርቶኑን ወደ ላይ እየሳበ። ቀጥሎ ወረቀቱ አጣቢው ሳህን ውስጥ ይገባል። ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። መጀመሪያ ሰማዩ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በመጨረሻ ግራጫዎቹ። እርጥብ ወረቀት ከደረቀው የበለጠ ፈክቶ ስለሚታይ አዳምስ ናሙናውን ማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ አድርቆ ይመረምረዋል፤ ካልጣመው ከ«ሀ» ይጀምራል።

በዚህ ሁኔታ ይህችን አንዲት ፎቶ በገዛ እጁ ከ1,300 ጊዜ በላይ አጥቧታል። ቅጂዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ ዕድሜ ቀለበት ናቸው። በ1940ዎቹ የታጠቡት ላይ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ስስ የደመና ጭረቶችም ይታያሉ። ዓመቱ በገፋ ቁጥር ሰማዩ እየከበደ፣ ደመናው እየተዋጠ ይሄዳል። በ1970ዎቹ የወጡት ላይ ጨረቃዋና የአድማሱ ደመና ብቻ ቀርተው ከላይ ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ነው። በ1927 በቀይ መስታወት አንድ ቀን ያገኘውን ሰማይ እዚህ በካርቶን 30 ዓመት ፈጅቶ ደረሰበት።

በ1975 ከዚያ በኋላ የፎቶ ትእዛዝ እንደማይቀበል አስታወቀ፤ የተከማቸውን አጥቦ ለመጨረስ ግን ዓመታት ፈጀበት። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳይ ሰጡት። ሚያዝያ 22 ቀን 1984 በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በስሙ የተሰየመ ተራራ በሴራ ኔቫዳ አለ። አንድ የጨረቃዋ ቅጂ በ2006 ጨረታ ላይ 609,600 ዶላር አወጣ።

አዳምስ ሰከንድን ሲቆጥር የሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ ቀን መዝግቦ አያውቅም። የሄርናንዴዝን ፎቶ አንዴ 1940፣ አንዴ 1941፣ ሌላ ጊዜ 1944 ይለው ነበር። በመጨረሻ ፎቶዋ ራሷ መሰከረች። ገና በሕይወቱ ሳለ ዴቪድ ኤልሞር የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ የጨረቃዋን ከፍታና አቅጣጫ በኮምፒዩተር አስልቶ ጥቅምት 31 ቀን 1941 ነው አለ። በ1991 ዴኒስ ዲ ቺኮ የተባለ ሌላ የሰማይ አጥኚ ስሌቱን ደገመ፤ ካሜራው የቆመበትን ትክክለኛ ቦታ በአሮጌው መንገድ ላይ አግኝቶ ቀኑን ወደ ኅዳር 1 አሻገረው፤ ሰዓቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 4 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

የአዳምስ ኔጋቲቮች ዛሬ የሚገኙት አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ቱሳን ባለው የፎቶግራፍ ማዕከል መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የሄርናንዴዙ ፊልም ግርጌ በ1948 እንደተወፈረ ነው። ያለ ካርቶን፣ ያለ ምንም ጥላ ገጽ ለገጽ ቢታተም ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው ነው፣ መስቀሎቹም ያበራሉ፤ ከጨረቃዋ በላይ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ አዳምስ የሸፈናቸው ስስ ደመናዎችም እዚያው አሉ።